አያትሽ ሲጠሩ «አቤት» በዪ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም መምህር። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በህብረተሰብ ጤና ተመርቄ ሁለት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠራሁ። አሁን ጀርመን አገር የማስተርስ ዕድል አግኝቻለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የቪዛው ነገር አልቋል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው የክፍል ቀን ነው። ሌሊት እየነቃሁ አስበዋለሁ። እንግሊዝኛው ቢያመልጠኝስ? አስተማሪው ድንገት ቢጠይቀኝስ? ምን ይዤ ልግባ? የሄዱትን ስጠይቃቸው ‹አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ› ብቻ ይሉኛል። እርስዎ ዘርዘር አድርገው ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ «ትለምጂዋለሽ» ያሉሽ አልዋሹም። ግን ጥርሱን የሚያመውን ሰው «ይሻልሃል» ብሎ እንደመሸኘት ነው። እኔም ጀርመን ተምሬ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጅማ እያስተማርኩ፣ ለትምህርት ከአገር የሚወጡ ልጆችን ወረቀት አያለሁ። ጭንቀታቸውንም እሰማለሁ። ያንቺን ጥያቄ ብዙዎቹ ይጠይቁኛል። ሴቶቹ በግልጽ፣ ወንዶቹ እየቀለዱ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልሽ። የመጀመሪያው ቀን ሥራሽ ትምህርቱን መረዳት አይደለም። ሰው በእንግድነት አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጫማ የት እንደሚወለቅ ያያል። ወጡ በኋላ ይደርሳል። አንቺም የዚያን ቀን የቤቱን ደንብ ለማየት ግቢ። ትምህርቱ ሙሉ ሴሚስተር አለው፣ አያመልጥሽም። ደንቡ ግን የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ፈጠን ተብሎ ነው።

ከስም ልጀምር። እኔ የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው።

ክፍላችን ትንሽ ነበር፤ ሃያ ሰው ብንሆን ነው። አስተማሪዋ ፀጉሯ የነጣ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አኖረች፣ መነጽሯን አደረገች፣ የስም ዝርዝር አወጣችና መጥራት ጀመረች። ለወንዱ «ሄር»፣ ለሴቷ «ፍራው» እያለች ትጠራለች። የተጠራው እጁን ያወጣል። መሃል ላይ አንድ ስም ጠራች፤ መልስ የለም። ደገመች፤ አሁንም የለም። ሦስተኛ ስትጠራ ሰው ሁሉ ዞር ዞር ማለት ጀመረ። እኔም ከሰዉ ጋር አብሬ ዞሬ ያልመጣውን ልጅ ፈለግሁት። «በመጀመሪያው ቀን የሚቀር ምን ዓይነት ተማሪ ነው?» ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። እስክሪብቶዋን አንስታ ልትሰርዝ ስትል ነው የነቃሁት። የተጠሩት አያቴ ነበሩ። አያቴ ደግሞ እንኳን ጀርመን፣ ጅማ ከተማ ራሱ በዕድሜያቸው ሁለቴ ቢመጡ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት፣ ከዚያ የአያት ነው። የእነሱ ወረቀት ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ ፓስፖርትሽን አሁን አውጥተሽ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ላይ ማን እንደተጻፈ እዪ። ብዙ ጊዜ አያት ናቸው። አያትሽ ገለታ ቢሆኑ እዚያ ያለሽው አንቺ «ፍራው ገለታ» ነሽ። ኢሜይልሽ፣ የተማሪ ካርድሽ፣ የፈተና ወረቀትሽ ሁሉ በዚያ ስም ይወጣል። አጠራሩም እንደለመድሽው አይሆንም። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» አፋቸው ላይ ስለሚቸገሩ የአያትሽ ስም ገብቶ ሲወጣ ሌላ ስም ይሆናል። ከመሄድሽ በፊት አንድ ሰው ስሙን እያጣመመ እንዲጠራሽ አድርጊ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ታናሽ ወንድም ካለሽ ደስ እያለው ያደርገዋል።

ስትጠሪ እጅሽን አውጪና በራስሽ ስም መጠራት ከፈለግሽ ወዲያው ተናገሪ። «የኔ ስም ይህኛው ነው፣ ያ የአያቴ ነው» ማለት ነውር የለውም። እንዲያውም ደስ ብሏቸው ይሰሙሻል። አንዳንዱ በእረፍት ሰዓት መጥቶ እንዴት እንደሆነ ይጠይቅሻል። ያ ነው የመጀመሪያ ወዳጅሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌ ትዝ ይለኛል። ጅማ ይህንን በግልባጩ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ እዚህ ሲከፈት፣ ለማስተማር ከኦክላሆማ ድረስ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። የዛሬው የእርሻ ኮሌጅ ሥሩ እሱ ነው። እነዚያ ሰዎች የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው የልጆቹን ስም ሲጠሩ ስንቱን ስም አጣመው ይሆን? ስንቱ ልጅስ የተጠራው ሌላ ሰው መስሎት ዝም ብሎ ይሆን?

አስተማሪውን አንቺ የምትጠሪበትም መንገድ ይለያል። እኛ «ዶክተር» ብለን የራሱን ስም እንከትላለን። እዚያ ማዕረጉን የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው። በራሱ ስም ላይ «ዶክተር» ጨምሮ መጥራት ጆሮ ላይ ይቆረቁራቸዋል። አንዳንዱ አስተማሪ፣ በተለይ በእንግሊዝኛ በሚሰጥ ፕሮግራም፣ «በስሜ ጥሩኝ» ይላል። ካለ ጥሪው። ካላለ ማዕረጉን አትልቀቂ። ኢሜይል ላይም እንዲሁ ነው። እሱ ሲመልስልሽ በራሱ ስም ብቻ ከፈረመ፣ በሩን ከፈተልሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ።

«ይሄንማ አውቃለሁ» ትያለሽ። አውቃለሽ። ግን የደከመ ጭንቅላት የሚያስበው በአማርኛ ሰዓት ነው። ወረቀቱን እኔው ያየሁላት አንዲት ተማሪ ነበረች። ሰሌዳዋ ላይ 08:15 ይላል። ስምንት ከሩብ ብላ አነበበችው። ምሳዋን በልታ፣ ተረጋግታ፣ በጀርመን ሰዓት 14:15 ላይ ክፍሉ በር ላይ ተገኘች። ክፍሉ ሞልቷል። ገብታ ተቀመጠች። ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው። «ለመግቢያ ያህል ይሆናል፣ አሁን ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል» ብላ ጠበቀች። አልዞረም። ተነስቶ መውጣት አስተማሪውን መናቅ መስሏት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ማስታወሻ እንደያዘ ሰው እስክሪብቶ ጨብጣ ተቀመጠች። የራሷ ክፍል ከጠዋቱ ሁለት ከሩብ ላይ ተጀምሮ አልቆ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስልክሽን ባለ 24 ሰዓት አድርጊው። ስድስት መቀነስና መደመር አቁሚ፤ መሳሳቱ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። 14:15ን «አሥራ አራት ከሩብ» ብለሽ ጥሪው። ጅማ ሆነሽ ሁለት ሳምንት ብትለማመጂው እዚያ ስትደርሺ አይቸግርሽም። ወሩንም እንዲሁ። ኦክቶበርን «ጥቅምት» እያልን ስለምንተረጉመው ይምታታል። ኦክቶበር 1 በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቹ የክረምት (ዊንተር) የሚባለው ሴሚስተር በወረቀት የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ክፍል የሚጀመረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በወሩ አጋማሽ፣ በእኛ ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቀደም ሊል ይችላል፤ ደብዳቤሽን እዪ። እዚህ ቡናው መቅላት ሲጀምር አንቺ እዚያ ክፍል ትገቢያለሽ ማለት ነው።

የጊዜ ሰሌዳ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ልታዪ ትችያለሽ። «ሲ ቲ» ከሆነ «ከጊዜ ጋር» ማለት ነው። 10:00 «ሲ ቲ» ካለ ትምህርቱ የሚጀመረው 10:15 ላይ ነው። «ኤስ ቲ» ካለ ግን «ያለ ጊዜ» ነው፤ ልክ 10:00 ላይ። ሩብ ሰዓቷ ጥንት ተማሪው ክፍል እስኪደርስ የተሰጠች ናት። የእኛን «ትንሽ ይቆያል» እንዳትመስልሽ። 10:15 ማለት በር ተዘግቶ መናገር የተጀመረበት ደቂቃ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ነው። ስለ ባቡራቸው ግን የሚወራውን ሁሉ አትመኚ። ረጅም መንገድ የሚሄደው ባቡር እንደኛ አገር ታክሲ የሚያስጠብቅበት ቀን አለ። ክፍልሽ ከሌላ ከተማ የምትመላለሺበት ከሆነ አንድ ባቡር ቀድመሽ ውጪ።

ከዋናው ቀን አንድ ቀን አስቀድመሽ ሂጂና ክፍሉን አግኚው። ሕንፃውን ከሩቅ አይቶ መመለስ አይደለም። ደረጃውን ወጥተሽ የክፍሉን እጀታ ንኪው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ዋናው ግቢያችን አጥር የላቸውም። በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ ጥበቃ የለም። ሕንፃዎቹ ከተማው ውስጥ ተበትነዋል፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አንዱ ሱቅ ላይ። «ግቢው የት ነው?» ብትዪ የሚያሳይሽ አታገኚም። በጠዋቱ ብርድ ወረቀት ይዞ መንከራተት ደግሞ ለአንቺ አዲስ ነው። ጅማ ዝናብ ነው የለመድነው እንጂ የዚያ ዓይነት ብርድ አይደለም። ጃኬቱን እዚያ ግዢ፣ ከዚህ አትሸከሚ።

እሺ፣ ክፍል ገባሽ። አስተማሪው ሲገባ ማንም ብድግ አይልም። አንቺም አትነሺ። ወንበር የተመደበ የለም። ከፊት ወንበር ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጪ። ኋላ የተቀመጠ ሰው ንግግሩ ያመልጠዋል፣ እየቆየም መምጣት ይተዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትሰሚያለሽ። አስተማሪው ሲጨርስ ተማሪው በሙሉ ጠረጴዛውን በእጁ አንጓ ማንኳኳት ይጀምራል። እኔ ስሰማው ተቃውሞ የተነሳ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ለካ ጭብጨባቸው ነው። አንኳኪ፣ አንቺም።

በዚያ ክፍለ ጊዜ ጆሮሽን ሰጥተሽ መስማት ያለብሽ የኮርስ አውትላይኑን ነው። እዚህ አውትላይን ይታደላል፤ ይታጠፋል፤ ደብተር ውስጥ ይቀራል። እዚያ እንደ ውል ነው። ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ጽሑፉ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም እስከምን እንደሚፈቀድ እዚያ ላይ ተጽፏል። በኋላ «አልሰማሁም» ብትዪ የሚሰማሽ የለም።

የክሬዲቱን ቁጥርም አትለፊው። እዚያ አንድ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳ ሰዓት ሥራ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። ባለ 6 ክሬዲት ኮርስ 180 ሰዓት ነው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ክፍል የምትቀመጪው፣ በሳምንት አንዴ ዘጠና ደቂቃ ከሆነ፣ በአሥራ አምስት ሳምንት ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሁለቴ ቢሆን እንኳ አርባ አምስት። የቀረው በሙሉ ያንቺ ነው፤ ንባብ፣ ጽሑፍ፣ የቡድን ሥራ። ሰሌዳው ባዶ ባዶ ሆኖ ስታዪው «ቀላል ነው» እንዳትዪ። አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። ዘጠኝ መቶ ሰዓት። የመጀመሪያው ሳምንት «ገና አልተጀመረም» የሚባል ነገር እዚያ የለም።

ደግሞ ሬፕ፣ የክፍል ተወካይ ማለቴ ነው፣ የለም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ልጆቻችንን የሚጥላቸው እሱ ነው። እኛ አገር ሴክሽኑ አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። ክፍል ሲቀየር ሬፑ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። ሃንድአውቱን ኮፒ ቤት ያስቀምጣል። አስተማሪው ቢቀር ይደውልለታል። ፈተና ሲደርስ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ራሱ ይገኛል። እዚያ አንዱ ካንቺ ጋር ሰኞ ቢማር ማክሰኞ ሌላ ኮርስ ላይ ነው። የሚነግርሽ የለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና የምትመዘገቢው ራስሽ ነሽ፣ በኮምፒውተር፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ። ሴሚስተሩን ሙሉ ሳይቀር የተማረ፣ ቀለሜ የሚባል ልጅ አውቃለሁ። የመመዝገቢያው ቀን አለፈውና ጓደኞቹ ሲፈተኑ እሱ ደጅ ቆመ። ጽሕፈት ቤቱ በትህትና «ለሚቀጥለው ጊዜ» አለው። ያ ትህትና ነው ያናደደው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ማታ ሌላ ምንም ባትሠሪ የመመዝገቢያውን ቀን ፈልገሽ ስልክሽ ላይ አስገቢ። ከሳምንት በፊት እንዲጮህልሽ አድርጊ።

ሌክቸር ላይ ብዙ ጊዜ ማንም መገኘትሽን አይቆጥርም። ሴሚናርና ላብራቶሪ ላይ ሊቆጠር ይችላል። ነፃነቱ ያታልላል።

ነጥቡን ሲናገር ደግሞ እንዳትደነግጪ። እኛ ጋ 4.00 የሰቃይ ነው። እዚያ 1.0 ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፤ 5.0 መውደቅ። አስተማሪው «4.0 ያመጣ ያልፋል» ሲል «ይሄ ሰውዬ ሁላችንም ሰቃይ እንድንሆን ነው የሚፈልገው?» እንዳትዪ። ቤት ስትደውዪም አስረጂ። «አራት አመጣሁ» ብለሽ እናትሽ ጎረቤት ጠርታ ቡና እንዳታፈላ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ። እንግሊዝኛው ያመልጥሻል። ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ግማሹን ብትይዢ ጥሩ ነው። ግን ያመለጠሽ እንግሊዝኛ ስላልቻልሽ አይደለም። ጆሮሽ ያንን አነጋገር አያውቀውም። አስተማሪው በጀርመን ቅላጼ ይናገራል። አጠገብሽ ያለው ናይጄሪያዊ ይሆናል፣ ከፊትሽ ያለችው ህንዳዊት፣ ወዲያ ያለው ኮሎምቢያዊ። እነሱም አንዱ የሌላው ንግግር ያመልጠዋል፤ ፊታቸው ላይ አይታይም እንጂ። ስላይዱ ብዙ ጊዜ የኮርሱ ድረ ገጽ ላይ ይጫናል። ቀድሞ ከተጫነ ሳትገቢ አንዴ አንብቢው፤ የምታውቂውን ቃል ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። ካልተጫነ ያልገባሽን ቃል እንደሰማሽው በፊደላችን ጻፊው። እኔ ደብተሬ ጠርዝ ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ሞልቶ ነበር። ማታ እያነበብኩ ስፈታው ግማሹን የማውቀው ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ።

አንድ ነገር አታድርጊ። ሳይገባሽ ራስሽን አትነቅንቂ። እኛ አስተማሪውን ላለማሳፈር እንነቀንቃለን። እሱ ግን እንደገባሽ ይቆጥርና ያልፋል። «ይቅርታ፣ የመጨረሻውን ይድገሙልኝ» በዪ። ይደግመዋል፣ አይቆጣም።

«አስተማሪው ቢጠይቀኝስ?» ላልሽው፣ ራስሽን አስተዋውቂ መባልሽ አይቀርም። እሱን ጅማ ሆነሽ አዘጋጂው። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስምሽ፣ ከየት እንደመጣሽ፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ እዚህ ምን ልታውቂ እንደመጣሽ። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ልጆቻችን ትህትና እየመሰላቸው ይሉታል። የሚሰማው ሰው ግን ቃል በቃል ያምናቸዋል።

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በደንብ ሥሪበት። አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትሄጂው። ጅማ የተማረ ሰው ሲቢቲፒ፣ ማለትም ሕዝቡ መሃል ገብቶ የሚሠራ የተግባር ልምምድ፣ ወጥቷል። በቡድን ሆነሽ ቀበሌ ገብተሽ፣ ቤት ለቤት መጠይቅ ሞልተሻል። ጭቃ ላይ ተንሸራተሻል። «መጀመሪያ ቡና ጠጡ» ተብለሽ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሻል። ከዚያ ሰብስባችሁ የአካባቢውን ችግር በቅደም ተከተል አስቀምጣችሁ አቅርባችኋል። ያን ጊዜ ስታማርሪ እንደነበር እገምታለሁ፤ ሁሉም ያማርራል። በቲቲፒ፣ በቡድን ልምምዱ፣ ደግሞ ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር ጤና ጣቢያ ሠርተሻል። ክፍልሽ ውስጥ ወባን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሞልቶ ታገኛለሽ። አንቺ ጊልገል ጊቤ ግድቡ ዳር ያሉ መንደሮችን የምታውቂ አገር ልጅ ነሽ። አጎበር ለምን ሳይሰቀል እንደሚቀር ከሰዉ አፍ ሰምተሻል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማሻል።

ዝምታን በተመለከተ፣ እኛ ጋ ዝም ያለ ተማሪ ጨዋ ነው። እዚያ ሴሚናር ላይ ዝም ያለ ተማሪ ያላነበበ ተማሪ ነው። አስተማሪውን «እኔ እዚህ ላይ አልስማማም» ማለት ይቻላል፣ ምክንያት ካለሽ። የመጀመሪያው ቀን እዚያ ድረስ መሄድ የለብሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። ከባድ መሆን የለበትም። «ፈተናው በጽሑፍ ነው በቃል?» በዪ። እዚያ የቃል ፈተና ብዙ አለ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለሁሉም ይጠቅማል። ድምፅሽ አንዴ ክፍሉ ውስጥ ከተሰማ ሁለተኛው ይቀልሻል። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ያለ ሰው ሁለተኛውንም ዝም ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ያቺ ዝምተኛዋ» ሆና ትቀራለች። ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ። እስከ ታኅሣሥ ዝም ብዬ ነበር።

ምሳ «ሜንዛ» በሚባለው የተማሪ ካፌ ነው። ብዙ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የተማሪ ካርድሽ ላይ ብር ትሞያለሽ። ምግቡ ላይ ምን እንዳለበት ተጽፏል። የአሳማ ሥጋ ያለበት ምልክት አለው። ጿሚ ከሆንሽ ምንም የእንስሳ ነገር የሌለበት አለ፤ ያን ምልክት እወቂው፣ ረቡዕና አርብ ይገላግልሻል። ሙስሊም ከሆንሽ የአርብን ሰሌዳ ቀድመሽ እዪ፤ ጁምዓ ከክፍል ጋር የሚገጭበት ጊዜ አለ። ብቻሽን አትብዪ። አጠገብሽ የተቀመጠችውን «ምሳ ልትበዪ ነው?» በያት። ከእኛ አገር ልዩነቱ፣ ሁሉም የየራሱን ይከፍላል። «እኔ ልክፈል» ብለሽ ስትታገዪ ግራ ይጋባሉ። እነሱ ሳይጋብዙሽ ሲቀሩም አትቀየሚ። ቡና ሲነሳ ግን ሜዳው ያንቺ ነው። ከጅማ ነኝ በዪ። ከማሽን የሚቀዳውን ጠጪና አስተያየትሽን ለራስሽ ያዢ።

ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ? ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር። የክፍሉን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክ የሚዘጋው ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ስትቆሚ ነው። የኢንተርኔቱን ይለፍ ቃል ከአንድ ቀን በፊት አስገቢ። አዲስ ልብስ አትልበሺ፤ የለመድሽውን ልበሺ። የነጭ ልብስ ሐሳብ እንዳለሽ ብትነግሪኝ እንኳ የመጀመሪያው ቀን ይቅር እልሻለሁ፣ ዝናብና ብርድ ነው።

ቤት መደወሉን ማታ አድርጊው፣ ግን ሰዓቱን አስቢ። ስትደርሺ ጀርመን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ከዚያ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ክፍል ከጀመርሽ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ስልክሽ ራሱ ይቀየራል፤ የግድግዳ ሰዓት ካለሽ ግን አይቀየርም። እናትሽን አሁኑኑ ንገሪያት። «ዛሬ ለምን ዘገየች?» ብላ ስልክ ይዛ እንዳታመሽ።

የጊዜ ሰሌዳሽ ሲላክልሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ይዘሽ ብቅ በዪ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ አለሁ። በእኛ ሰዓት ነው ያልኩሽ።